የእትብት ደም

እትብትሽ አልተቀበረም፣
ችግኝ አልተተከለበትም፤
ቤርገን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ራንቬይግ የምትባል
አዋላጅ፣ ከጫፉ ቀድታ፣ "ይህ ይበቃል"
አለችና ብልቃጧን ከደነች፤
ስም ሳናወጣልሽ ቁጥር ጻፈች።

ውጭ ይዘንባል። እዚህ ሁልጊዜ ይዘንባል።

አባትሽ ኤይቪንድ መስኮቱ ጋ ቆሞ
ጀልባ ይቆጥራል፣ ከንፈሩን ገጥሞ።
ደምሽ ለምን ተቀዳ ብሎ የጠየቀ የለም፤
እኔ ነኝ ያስፈረምኩ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሶትራ ደሴት
አያትሽ ሃልቫርድ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣
መቅዘፊያውን ይዞ፣ ቀና እንዳለ፣
ጀልባው ውስጥ ቀረ። "ጌታ ጠራው" ተባለ።
አባቱም እንዲሁ፣ የአባቱም ወንድም፤
አልቃሽ ሞልቶ ነበር፣
ልቡን ልብ ያለው ግን አንድ እንኳ አልነበረም።

ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤
የዓይኑን ጥቁር ዙሪያ ነጭ ቀለበት ከቦታል፤
ከተረከዙ በላይ ጅማቱ አብጧል።
ሴቶቹ "ዓይኑ ሲያምር" ይሉ ነበር አሉ፤
ሰሙን እያደነቁ ወርቁን ሳይፈቱት ከአፈር አዋሉ።
ሰባ ዓመት ሳይገባ
ደሙ ሰባ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፤
ቁጥሩ ከፍ ያለ፣ ግን ቁርጡ ያልወጣ።
"የእትብት ደም" አለች ሐኪሟ ሲግኔ፣ "አይታመንም፤
ጤነኛውን ከሌላው አጥርቶ አይለይም፤
ዓመት ይሙላት፣ ደግመን እንለካ፣
እስከዚያ አንደመድም።"

ዓመት!
በዚያች ሌሊት ጡቴን ጠረጠርኩት፤
ወተቴን፣ ነጩን፣ እንደ ባላንጣ አየሁት።
የበላሁት ቅቤ፣ የበላሁት እንቁላል
በአፍሽ ገብቶ፣ ልብሽ ላይ ይጋገራል
ብዬ፣ ላስጥልሽ፣ ጠርሙስ ላስለምድሽ
ቆርጬ ስነሳ፣ አንቺ ጣቴን ጨበጥሽ፤
ጥርስ የሌለው ድድሽ
እንዴት እንደሚናከስ!

ሲግኔ ስነግራት ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።
"ወተትሽ ምንም አልበደለም፤
ጥቢያት፣ ቅባቱን አንጎሏ ይፈልገዋል።
በሽታው ካለባት፣ ጥፋቱ ከበር ነው፦
ጉበት ብዙ በር አለው፣
ስቡን ከደም የሚቀበልበት፤
በእሷ ቤት ግማሹ መዝጊያ አይከፈትም ከፍጥረት፤
እንግዳው ደጅ ያድራል፣ ዓመት ከዓመት፣
እስኪሞላ ድረስ የደም ሥሩ መንገድ።"
ከዚያ ብዕሯን አኖረች፤
"ይልቅ የአባቷን ደም አምጡልኝ" አለች።

ኤይቪንድ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ተራራ ይወጣል፣
ቅጠል ይበላል፣
ለትራም አይቆምም፣ ይሮጣል፤
መርፌ ግን ይፈራል።
እጅጌውን ሰብስቦ ጣሪያ ጣሪያ አየ።

መጣ፦ ዘጠኝ ነጥብ አራት።
ወረቀቷን አጥፎ ከኪሱ ከተታት፤
እራቱን በላ፣ ሳህን አጠበ፣ አንድም ቃል ሳይወጣው።
ማታ የአባቱን ፎቶ ከግድግዳ አወረደ፣
ከመብራት ሥር አየው፣ ከመስታወት ፊት ሄደ፣
የራሱን የዓይን ቆብ በጣቱ ሽቅብ ሳበ፤
ቀለበቱ ገና ክር ነው፣ ግን ከበበ።

ልጄ፣ ስሚኝ፤
ውርስ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ እንደ ወንዝ፣ ሁሌ፤
አንቺ ሽቅብ መለስሽው፣ የስድስት ሳምንት እንቦቅቅሌ፤
ያወረሰሽ እንደሆን እንኳ ሳይታወቅ ገና፣
በሁለት ጠብታ ደም፣
ለአባትሽ ሰጠሽው ዕድሜና ጤና።

አሁን ማታ ማታ ክኒኑን ይውጣል፤
በሶትራ ላሉት እህቶቹ ደውሎ "ተመርመሩ" ይላል፤
አንዷ ዘጋችበት፣ አንዷ ስታለቅስ አደረች።

የአንቺ ቁርጥ ገና ነው። ዝናቡም አላባራ።
በሩ ገርበብ ይሁን፣ ወለል፣ እስኪለይ
እኔ አላውቅም፤
ስቅታሽን ግን አውቃለሁ፣
ከሁለት ክፍል ማዶ እሰማዋለሁ፤
ቆይ፣ እንዳታለቅሺ፣
መጣሁ፣ መጣሁ።